ወደ ጋምቤላ በአይሮፕላን ለሚሄድ ቤተ ሰብ የሚገባ ምክር

አንድ ሹም ወደ ጠረፍ አገር ሲዛወር ደብዳቤው የሚደርሰው ለእርሱ ብቻ ቢሆንም፤ አሳቡ ግን የሚደርሰው ለቤተ ሰቡ ሁሉ ነው። ባለቤቱ ስለ ልጆቿ ጤና ትጨነቃለች፤ እናቱ ስለ መንገዱ ርቀት ትጠይቃለች፤ ልጆቹም ስለሚተዉት ትምህርት ቤትና ስለ ጓደኞቻቸው ያዝናሉ። ይልቁንም የተባለው አገር ጋምቤላ እንደ ሆነ፤ በደጋ ተወልዶ በደጋ ያደገ ቤተ ሰብ «አገሩ ሐሩር ነው፤ ንዳዱም ክፉ ነው» የሚለውን የቆየ ወሬ አስቦ ልቡ ይሰጋል። ከዚህም የተነሣ ብዙዎች አባት ብቻውን እንዲሄድ፤ እናትና ልጆች ግን አዲስ አበባ እንዲቀሩ ይቈርጣሉ። አንዱ ቤት ሁለት ቤት ይሆናል፤ ወጪው ይበዛል፤ ልጅም አባቱን በዓል ሲደርስ ብቻ የሚያይ ይሆናል።

እኛም በዛሬው ጽሑፋችን ስለ ጋምቤላ አይሮፕላን ማረፊያ፤ ስለሚያገናኘው የአየር ጉዞና በዚሁ በር ገብቶ ለሚወጣ ቤተ ሰብ ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ እንናገራለን። አሳባችንን አስቀድመን ለመግለጥ ያህል፤ አይሮፕላን መንገዱን ስላሳጠረልን ቤተ ሰብን መለየት እንደ ቀድሞው ግድ አይደለም። ነገር ግን ከመንገዱ ማጠር የተነሣ አንድ ያልታሰበ አደጋ ተሰውሮ አብሮን ሊመለስ ይችላልና፤ ይህን ያላወቀ ሰው የጉዞው ፍጥነት ራሱ ይጐዳዋል። «ነገርን ከሥሩ፤ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው ከመነሻው እንጀምራለን።

ጋምቤላ የውጭ አገር በር የሆነችው በአይሮፕላን ዘመን አይደለም። ከአይሮፕላን በፊት በሯ ውሃ ነበር። የባሮ ወንዝ ከደጋው ወርዶ በጋምቤላ ሜዳ ሲደርስ ይሰፋል፤ ይረጋልም፤ ከዚያም ከፒቦር ጋራ ተገናኝቶ ሶባት ይባላል፤ ሶባትም ከነጭ ዓባይ ይገባል። ስለዚህ ከካርቱም የተነሣ መርከብ ወንዝ ለወንዝ እየተጓዘ እስከ ጋምቤላ ለመድረስ ይችል ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በተዋዋሉት የወሰን ውል፤ በባሮ ዳር ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፤ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ተፈቀደ። ውሉ የሚያመለክተው በኢታንግ አቅራቢያ ያለውን ስፍራ ቢሆንም፤ ጣቢያው የተቋቋመው በጋምቤላ ነው።

ከዚያ ወዲህ በክረምት ወራት ወንዙ ሲሞላ መርከቡ ጨውና ጨርቃ ጨርቅ ይዞ ይመጣ ነበር፤ ሲመለስም ቡና፤ ቆዳና ሰም ይዞ ይሄድ ነበር። በደጋው በኩል ያለው ሸክም በበቅሎና በሰው ትከሻ ከጎሬና ከሳዮ ቁልቁለቱን ይወርድ ነበር። በበጋ ግን ወንዙ ስለሚጐድል በሩ ይዘጋል፤ የመጨረሻው መርከብ ያመለጠው ነጋዴም ሆነ ሹም የሚቀጥለውን ክረምት መጠበቅ ግዴታው ነበር። ያን ጊዜ ከሴትና ከሕፃን ጋራ ወደ ጋምቤላ መውረድ በእውነት የሚያስፈራ ነገር ነበር፤ የታመመ ሰው ወደ ደጋ ሐኪም ለመድረስ ብዙ ቀን በበቅሎ መጓዝ ነበረበትና።

ይህች በር ብዙ ነገር አሳልፋለች። በጠላት ወረራ ዘመን ኢጣልያኖች ያዟት፤ በመጋቢት ወር 1933 ዓ.ም. ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣ ሠራዊት ከእንግሊዝ ጦር ጋራ ሆኖ አስለቀቃት። በ1948 ዓ.ም. ሱዳን ነፃነቷን ባገኘች ጊዜ የኪራዩ ውል ዘመን አበቃ፤ ጣቢያውም ለባለቤቱ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የመርከቡ ንግድ እየቀነሰ ሄደ፤ በመጨረሻም ቆመ። ዛሬ ጋምቤላን ከሩቅ ዓለም ጋራ ፈጥኖ የሚያገናኛት በር በወንዙ ዳር ሳይሆን ከከተማው በስተ ደቡብ በሜዳው ላይ ይገኛል።

አይሮፕላን በአገራችን መሬት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ ወር 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን መደበኛ ጉዞ አደረገ። ከዚያ ወዲህ ተራራና ገደል ለይቶአቸው የነበሩ ብዙ አገሮች በአየር ተገናኝተዋል። ምዕራቡ የአገራችን ክፍል ደኑ የበዛ፤ ዝናሙ የጸና፤ ቁልቁለቱም የከፋ ስለ ሆነ፤ ከሁሉ ይልቅ የአይሮፕላን ጥቅም የታየው በዚያ ነው።

የጋምቤላ አይሮፕላን ማረፊያ ከከተማው 14 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መንደርደሪያው አስፋልት ሲሆን ርዝመቱ 2500 ሜትር ያህል ነው፤ ከሰሜን ወደ ደቡብም ተዘርግቷል። በአንዱ ጫፍ 18፤ በሌላው ጫፍ 36 የሚል ቍጥር አለው፤ ይኸውም የአይሮፕላን ነጂው በኮምፓስ ሲያይ አንዱ 180፤ ሌላው 360 ዲግሪ ማለት ነው። ልጆቻችሁ ቢጠይቋችሁ እንድትመልሱላቸው ይህን ጻፍን። ይህን ያህል ርዝመት ማስፈለጉም ያለ ምክንያት አይደለም። ሙቀት አየርን ያሳሳዋል፤ አየር ሲሳሳ ደግሞ ክንፍን የሚያነሣው ኀይል ይቀንሳል፤ ስለዚህ በሐሩር አገር አይሮፕላን ከመነሣቱ በፊት ረዘም ያለ መንደርደር ይፈልጋል።

በዓለም የአየር ጉዞ ሥርዓት ጋምቤላ «ጂ ኤም ቢ» በሚባሉ ሦስት ፊደሎች ትታወቃለች። ዕቃችሁን በቦሌ ስታስረክቡ በሻንጣው ላይ የሚታሰረውን ወረቀት ተመልክታችሁ እነዚህ ፊደሎች መኖራቸውን አረጋግጡ። በመካከለኛ ከተማ ያለ ማረፊያ የቦሌን ያህል ሱቅና ማረፊያ ክፍል እንዲኖረው መጠበቅ አይገባም። ስለዚህ የሕፃን ወተትን፤ የሚጠጣ ውሃንና በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒትን በእጅ በሚያዝ ቦርሳ መያዝ እንጂ በጭነት ሻንጣ ውስጥ መክተት አይበጅም። ከማረፊያው ወደ ከተማው የሚያደርስ መኪናም ከመነሣት በፊት በስልክ ተነጋግሮ ማዘጋጀት መልካም ነው፤ ከሕፃን ጋራ በቀትር ፀሐይ ቆሞ መኪና መፈለግ ቀላል ነገር አይደለምና።

በዚህ መሥመር የኢትዮጵያ አየር መንገድ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀምበት አይሮፕላን ዳሽ 8 ኪው 400 የሚባለው፤ ሁለት ተሽከርካሪ መቅዘፊያ ያለው ዓይነት ነው። የመኪናው መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፤ የአየሩ መንገድ 480 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጊዜውም ከአንድ ሰዓት ብዙ የሚበልጥ አይደለም። አባቶቻችን በሳምንታት ይቈጥሩት የነበረው መንገድ ዛሬ ቁርስ በአዲስ አበባ፤ ምሳ በጋምቤላ ሆኗል። የመነሻው ቀንና ሰዓት በየወቅቱ ስለሚለዋወጥ፤ በክረምትም ሰማዩ ሲከፋ ጉዞ ስለሚዘገይ፤ አስቀድሞ ከአየር መንገዱ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመውለጃዋ ጊዜ የቀረበ እናት ደግሞ የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋት እንደ ሆነ ቲኬት ከመግዛቷ በፊት ትጠይቅ።

አንዳንድ ሰዎች ጋምቤላ በወሰን አጠገብ ስለ ሆነች ማረፊያው ከውጭ አገር ጋራ በቀጥታ የሚያገናኝ ይመስላቸዋል። አንድ ማረፊያ የዓለም አቀፍ ማረፊያ የሚባለው መንደርደሪያው ስለ ረዘመ ብቻ አይደለም፤ የፓስፖርት መርማሪ፤ የጉምሩክ ሹምና የጤና ተቆጣጣሪ ሲኖሩት ነው። የጋምቤላ መደበኛ ጉዞ የሚያገናኘው ከአዲስ አበባ ጋራ ነው፤ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ከቦሌ ይሳፈራል። ከዚህም የተነሣ የሚያስገርም ነገር እናያለን። ከጋምቤላ እስከ ጁባ በቀጥታ ቢበርሩ 500 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ነገር ግን መንገደኛው መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ፤ ከዚያ ተመልሶ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲበርር ከ1300 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ለጎረቤቱ ቅርብ የነበረው የውሃ በር ሲዘጋ፤ የአየሩ በር ወደ ዋናው ከተማ ተከፈተ ማለት ነው።

ለቤተ ሰብ ግን ትልቁ ጥቅም ይህ ወደ ዋናው ከተማ የሚወስደው በር ነው። ምጥ የከበዳት እናት፤ የቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ልጅ፤ በድንገት የታመመ ሽማግሌ፤ የጋምቤላ ሐኪሞች ከፈቀዱለትና አይሮፕላን ካገኘ፤ በዚያው ቀን በአዲስ አበባ ሆስፒታል ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ «አገሩ ሩቅ ነው» ብሎ ቤተ ሰብን ለሁለት መክፈል የቀድሞውን ያህል ምክንያት የለውም።

አሁን ስለ ጤና እንናገር። የአዲስ አበባ ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ይበልጣል፤ ጋምቤላ ግን ከፍታዋ 500 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ተሳፋሪው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከደጋ ወደ ቆላ ይወርዳል። አይሮፕላኑ ዝቅ ማለት ሲጀምር የሕፃናት ጆሮ ይታመማል፤ በዚያን ጊዜ እናት ጡት ብታጠባ ወይም ጡጦ ብትሰጥ፤ ልጁ ሲውጥ ጆሮው ይከፈታል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ የጋምቤላ ሙቀት ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ፤ ስለዚህ ሱፍ ልብስ ለብሶ ከመውረድ ይልቅ ስስ የጥጥ ልብስ ከላይ ካፖርት ደርቦ መሄድ ይሻላል። ሰውነት ሙቀቱን እስኪለምድ ድረስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃ ማብዛት፤ በቀትርም ከከባድ ሥራ ማረፍ ይገባል።

ከላይ የተናገርነው ስውር አደጋ ግን ሌላ ነው፤ እርሱም የወባ በሽታ ነው። የቀደሙ ሰዎች ይህ በሽታ ከረግረግ በሚነሣ ክፉ አየር የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። ላቬራን የተባለው የፈረንሳይ ሐኪም በ1873 ዓ.ም. የበሽታውን ነፍሳት በሰው ደም ውስጥ አየ፤ ሮስ የተባለው የእንግሊዝ ሐኪም ደግሞ በ1889 ዓ.ም. በሕንድ አገር ያንኑ ነፍሳት በወባ ትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘ። እንግዲህ የሚያሳምመው የጋምቤላ አየር አይደለም፤ ከጀንበር መጥለቂያ እስከ ንጋት የምትነክሰው ትንኝ ናት። አየርን ማንም ሊከለክል አይችልም፤ ትንኝን ግን መከልከል ይቻላል። ይህ ለቤት እመቤት ትልቅ የምሥራች ነው።

በደጋ ያደገ ሰው በሽታውን የለመደ ሰውነት የለውም። በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. ወባ ወደ ከፍተኛ ስፍራዎች በወጣ ጊዜ በአገራችን ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። ይህን የምንጠቅሰው ለማስፈራራት ሳይሆን፤ ደገኛ ቤተ ሰብ «እኛ ጠንካሮች ነን» ብሎ እንዳይዘናጋ ነው።

አሁን አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን የምንለምነው ነገር ይህ ነው። ትንኟ ነክሳ በሽታውን ካስገባች በኋላ ትኵሳቱ ወዲያው አይታይም፤ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከ10 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ ነው። በበቅሎ ዘመን ከጋምቤላ የተነሣ መንገደኛ ገና በመንገድ ሳለ ይታመም ነበር፤ አብረውት ያሉትም «የቆላ ንዳድ ነው» ብለው ወዲያው ያውቁት ነበር። ዛሬ ግን መንገደኛው በአንድ ሰዓት ቤቱ ይገባል። ጤነኛ መስሎ ይሠራል፤ ከዘመድ ጋራ ይበላል ይጠጣል። ሁለት ሳምንት ሲሆነው፤ የጋምቤላን ጉዞ በረሳበት ጊዜ፤ ራሱን ያመዋል፤ ይበርደዋል፤ ይተኵሰዋል። በአዲስ አበባ ደግሞ ከቦታው ከፍታ የተነሣ ወባ ስለማይያዝ፤ ቤተ ሰቡ «ብርድ ነው፤ ጉንፋን ነው» ብሎ ትኵስ መጠጥ ይሰጠዋል። እንዲህ እየተባለ ሦስትና አራት ቀን ቢያልፍ በሽታው ወደ አንጎል ሊወጣ፤ ሰውየውንም ሊገድለው ይችላል። ለመዳን ግን የሚያስፈልገው አንዲት ጠብታ ደም መመርመርና በሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት መውሰድ ብቻ ነበር። አንደኛው የወባ ዓይነት ደግሞ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ እንደ ገና ስለሚነሣ፤ ጉዞው ቆይቷል ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ስለዚህ ለቤት አስተዳዳሪዎች የሚከተለውን እናሳስባለን።

1ኛ፤ ከመነሣት በፊት ቤተ ሰቡ ሁሉ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ስለ መከላከያ መድኃኒት ይጠይቅ፤ ይልቁንም ነፍሰ ጡር ሴትና ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት። መድኃኒትን በጎረቤት ምክር መውሰድ አይገባም።

2ኛ፤ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ከቤት ዕቃ ሁሉ በፊት ይታሰብ። አጎበሩም ለጌታና ለእመቤት አልጋ ብቻ አይሁን። ከደጋ ይዘናት የወረድነው የቤት ሠራተኛ፤ ሌሊት በደጅ የሚጠብቀው ዘበኛም ደማቸው እንደ እኛው ደም ነው፤ ትንኝ ማዕረግ አትለይም። የሠራተኛን መኝታ ያለ አጎበር የተወ ቤት በሩን ዘግቶ መስኮቱን እንደ ከፈተ ሰው ነው።

3ኛ፤ ማታ ማታ እጅንና እግርን የሚሸፍን ልብስ ይለበስ፤ በግቢ ውስጥ ውሃ የሚቋጥር ጕድጓድም ይደፈን።

4ኛ፤ በጋምቤላ ሳላችሁ ማንም ሰው ቢያተኵሰው በዚያው ቀን ደሙ ይመርመር። «ነገ ይሻለኛል» ማለት ክፉ ምክር ነው።

5ኛ፤ ወደ ደጋ ከተመለሳችሁ በኋላ ትኵሳት ቢነሣ ለሐኪሙ በመጀመሪያ የምትናገሩት ቃል «ከጋምቤላ መጥቻለሁ» የሚል ይሁን። የጉዞውን ቀን በቤት ቀን መቍጠሪያ ላይ መጻፍ ለዚህ ይረዳል። ሐኪሙ ካልተነገረው ሊያውቅ አይችልም።

6ኛ፤ ባሮ ውብ ወንዝ ነው፤ ግን አዞ አለበት። ልጆች የአገሩ ሰው በማያሳያቸው ስፍራ ውሃ እንዳይገቡ ይጠበቁ።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ከዘረዘርን በኋላ ስለ አገሩ መልካምነት ዝም ብንል ፍርደ ገምድል እንሆናለን። ጋምቤላ የማንጎ ጥላ፤ የባሮ ዓሣ፤ ሰፊ ሜዳና የዱር እንስሳ ያላት አገር ናት። አኙዋ፤ ኑዌር፤ ማጃንግ፤ ኦፖና ኮሞ የየራሳቸው ቋንቋና ሥርዓት አላቸው። ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው የመጡ ከ300000 በላይ ስደተኞችንም ክልሉ ተቀብሎ አስጠልሏል፤ ይህም ስለ አገሩ ሰው እንግዳ ተቀባይነት ብዙ ይናገራል። በሹመት የወረደ ቤተ ሰብ ሰላምታቸውን በቋንቋቸው ተምሮ፤ ልጆቹን ከልጆቻቸው ጋራ አጫውቶ፤ ሽማግሌዎቻቸውን አክብሮ ቢቀመጥ፤ እንደ ዘመድ ይታያል። የአገሩን ሰው ንቆ፤ በሩን ዘግቶ፤ የሚቀጥለውን አይሮፕላን ብቻ እየቈጠረ የሚኖር ግን በጋምቤላም አልኖረም፤ በአዲስ አበባም አልኖረም።

አባት በሥራው ጠረፍ ሲያገለግል ልጆቹ አጠገቡ ሆነው ቢያዩት፤ አገር ማለት የተወለዱበት ሰፈር ብቻ አለመሆኑን በመጽሐፍ ሳይሆን በዐይናቸው ይማራሉ። ይህን ትምህርት በአንድ ሰዓት መንገድ የሚያገኘው ቤተ ሰብ ስለ ፈራ ብቻ ባይተወው እንወዳለን፤ የሚሄደውም ከሻንጣው ጋራ አጎበሩን፤ ከቲኬቱም ጋራ ማስተዋልን ይያዝ። «ለብልህ አይነግሩም፤ ለአንበሳ አይመትሩም» ይባላልና ከዚህ የበለጠ አናበዛም። ለምትሄዱት መልካም ጉዞ፤ ለምትመለሱትም የጤና መግቢያ እንመኝላችኋለን።